የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶችን የልደት ቀን በቃላቸው ይዘው ስለኖሩት አዋላጅ እናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከአዋላጅ እናታቸውና ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸው የዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት፣ በዓመቱ ሁለተኛ ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ፣ ለሴቶቹ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ስለ ቀኑ የሚከራከር ካለ ከወዲሁ ይተወው። እናታቸው ራሳቸው አምጠው፣ ራሳቸው አዋልደው፣ እትብቱንም ራሳቸው ቆርጠው ሲያበቁ መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው “ወንድ ነው ሴት?” የሚል ሳይሆን “ዛሬ ስንት ቀን ነው?” የሚል ጥያቄ እንደነበር በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል።

በማዘጋጃ ቤቱ የልደት መዝገብ ላይ ግን የሉም። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ባማረ የእጅ ጽሑፍ ሰፍረዋል፤ እሳቸውና ታላቅ እህታቸው አልሰፈሩም። ያን ጊዜ ወንድ ልጅ የተወለደለት አባት በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ አስመዝግቦ ይመለሳል። ሴት ስትወለድለት “ምን ያጣድፋል፣ ትደርሳለች” ብሎ ይተወዋል። በእርግጥም ደረሱ። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ግን መሙላቱን የሚናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት በእጃቸው አልነበረም። በከተማው ካሉት እኩዮቻቸው መካከልም ወረቀት የነበራቸው ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረዋል። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ታላቅ እህታቸው ሲያገቡ የእናታቸው ቦርሳ ተሸካሚ ሆኑና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። እውነተኛው ትምህርት ቤታቸው የእናታቸው ወጥ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መቀሱና ክሩ በድስት ውስጥ ሩብ ሰዓት መፍላት አለባቸው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ እናትየው እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ ካለፉት ዓመታት ሁሉ በዚያ ሳምንት የተወለዱትን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቤቱን፣ እናቲቱን፣ ከዚያ ልጁን። ልጅቱ ትደግማለች። አንዱን ከዘለለች ከመጀመሪያው ይጀመራል። ማንበብና መጻፍ የማያውቁት እኒያ እናት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራቸውን እንዲህ አድርገው ወደ ልጃቸው አስተላለፉ። ልጅቱ መጻፍ ስለምታውቅ አንድ ቀን ደብተር ገዝታ ብትመጣ “ወረቀት እግር አለው” ብለው ደብተሩን ለእሳት ማያያዣ አደረጉት።

ከዚህ ጋር አንድ ሕግ ነበር። ቀኑ የሚነገረው ለወለደችው እናት ብቻ ነው፤ ለባል፣ ለአማት፣ ለጎረቤት አይነገርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየሰፈሩ ሠርጉና ልደቱ የማይስማሙበት ቤት አለ። አዋላጅ የአንዷን ቤት ገመና ካወጣች ሁለተኛዋ በሯን አትከፍትላትም፤ በር ያልተከፈተላት አዋላጅ ደግሞ ደርሳ የምታድነው ሰው አይኖርም። እናታችን ይህን ሕግ ከመቀሱ ጋር ተረከቡ።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በሙያው አናጢ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴቲቱን ወዲያው፣ ወንዱንም በተራው ማዘጋጃ ቤት ይዘው ሄደው ያስመዘገቡት አባታቸው ናቸው፤ መዝጋቢው “ለሴቷ ምን አስቸኮለዎት?” ቢላቸው “እኔ ቤት ቀን ከጠፋ ሚስቴ ታባርረኛለች” ብለው መልሰዋል ይባላል። እናታችን በሃያ አራት ዓመታቸው የጤና ጽሕፈት ቤቱን ፈተና አልፈው የአዋላጅነት ፈቃድ አገኙ። እናታቸው በሞቱ ጊዜ ቦርሳውም፣ በሩም፣ በሌሊት የሚንኳኳው መስኮትም የእሳቸው ሆነ።

የሴቶች የመምረጥ መብት ጥያቄ በከተማችን የተነሣው እናታችን ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆናቸው ነው። ጥያቄውን ያነሡት የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ሲሆኑ መሪያቸው በቁመታቸው የተነሣ ሁሉም “ረጅሟ” የሚላቸው ሴት ነበሩ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በስብሰባ ላይ ድምፁን እያቀጠነ አነበበውና ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው “ጉዳዩ ይጠናል” ተባለ፤ ጥናቱም ስምንት ዓመት ፈጀ። በሦስተኛው ጊዜ ሴቶቹ የክር ማሽኖቹን ለሁለት ሰዓት አቆሙ። አርባ ሰዎች ከሥራ ተባረሩ፤ ረጅሟ ቀዳሚዋ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እናታችን በዚህ ሁሉ ውስጥ አልነበሩም። ሰው ሲጠይቃቸው “እኔ የማውቀው ምጥ ነው፤ እሱም በቂዬ ነው” ይሉ ነበር።

አርባ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ሕጉ ወጣ። ሴት ትመርጣለች ተባለ። በፋብሪካው በር ላይ እልልታው ገና ሳይበርድ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ተነበበ፦ መራጭ ለመሆን ሃያ አንድ ዓመት መሙላቷን በመንግሥት መዝገብ ወይም በታመነ ምስክር ማስረዳት አለባት። ወንዶቹ ሁሉ መዝገቡ ላይ አሉ። ሴቶቹ የሉም። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ደረጃውን ይዘውት ሄዱ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተመዘገቡት ዘጠኝ ሴቶች ብቻ ነበሩ። የልጅ ልጅ ያየች አሮጊት ሳትቀር “ሃያ አንድ መሙላትዎን በምን አውቃለሁ?” ተብላ ተመለሰች። መዝጋቢው “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል” የሚለውን ተረት በየሰዓቱ ይደጋግም ነበር፤ ሌላ ተረት የሚያውቅ አይመስለኝም።

“የታመነ ምስክር” የምትለዋን ቃል ያጤኗት ረጅሟ ናቸው። ከሥራ ከተባረሩ ወዲህ ጊዜ ነበራቸው፤ ሕጉን አሥር ጊዜ አንብበውታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ እናታችን ወጥ ቤት መጡ። መቀሱ ይፈላ ነበር።

“እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ” አሉ ቆመው። “የሁላችንንም ቀን ያውቃሉ።”

“አንቺ አርባ ዓመትሽ ነው” አሉ እናታችን ከድስቱ ሳይዞሩ። “ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። እግርሽ ነው የቀደመው። እናቴ ያኔም ረጅም ነበረች ብላኛለች።”

“ይህንኑ ፍርድ ቤት ይንገሩልኝ።”

“ማወቅና መናገር ለየቅል ናቸው።”

ረጅሟ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሕጉን አነበቡላቸው። ምዝገባው ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሃያ ስድስተኛው ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። የሚቀጥለው ምርጫ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ ሕጉን መልሰው ሊሽሩት ያሰቡ ሰዎች በምክር ቤቱ ውስጥ ሞልተዋል። “ማንም አልተጠቀመበትም ሊሉ ነው” አሉ ረጅሟ። “ሴቶቹ ራሳቸው አልፈለጉትም ሊሉ ነው።”

እናታችን ያን ሌሊት እንዳልተኙ ባለቤታቸው ይመሰክሩ ነበር። አናጢው በዚያው ሰሞን ለማዘጋጃ ቤቱ አሥራ አራት የምርጫ ሣጥን እየሠሩ ነበርና ቤቱ በሣጥን ተሞልቶ ነበር። እናታችን በሣጥኖቹ መካከል ሲዞሩ አደሩ። ሲነጋ የደረሱበት ሐሳብ ይህ ነው፦ የእናታቸው ሕግ ቀኑ ለወለደችው እናት ይነገር ይላል፤ እንግዲህ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ ሕጉ አልተጣሰም። ስለዚህ ለመመዝገብ የምትፈልገውን እያንዳንዷን ሴት፣ በሕይወት ካለችም እናቷን ጭምር፣ በየቤቷ ሄደው ይጠይቃሉ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን በእግራቸው ዞሩ። ሌሊት ያዋልዳሉ፣ ቀን በር ያንኳኳሉ። አንዳንዷ “እንኳን ቀኔን ሰዓቴንም ይንገሩ” አለች። አንዳንዷ በሩን ገርበብ አድርጋ “ይቅርብኝ እትዬ” አለች፤ እናታችንም “ይቅርብሽ” ብለው ሄዱ እንጂ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሠላሳ አምስት ዓመቷ የነበረች አንዲት ባለሱቅ ባሏ ችሎት እንዳይገባ ተስማምታ ፈቀደች። በመጨረሻ እሳቸውን ጨምሮ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ፈቀዱ።

እዚህ ላይ እናታችን አንድ ስሕተት ሠሩ። የሴቶቹን ፈቃድ ጠየቁ። የወንዶቹን እናቶች አልጠየቁም፤ ወንዶቹ መዝገብ ስላላቸው ስለ እነሱ የሚጠይቅ ይኖራል ብለው በእውናቸውም በሕልማቸውም አላሰቡም።

ችሎቱ የተሰየመው ጣሪያው ዝቅ ባለ፣ አንድ መስኮት ብቻ ባለው ክፍል ውስጥ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ደቂቃ ይቀድማል፤ ዳኛው ግን እሱን እንጂ የሌላ ሰው ሰዓት አይቀበሉም። አግዳሚዎቹ አልበቃ ብለው ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ በኮሪደሩና በደረጃው ላይ ቆመው ነበር። እናታችን እጃቸውን አንሥተው እውነቱን ብቻ ለመናገር ማሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ አርባ፣ በሁለተኛው ቀን የቀሩትን ቆጠሩ። ጸሐፊው እጁ እየዛለ ሦስት ጊዜ ዕረፍት ጠየቀ፤ እሳቸው ውኃ እንኳ አልጠየቁም። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀረ።

በሦስተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ጠበቃ ተነሣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። እሳት የላሰ ይባላል፤ አብዝቶ የሚለውም እሱ ራሱ ነበር። ይህ ጠበቃ የዛሬው አማቻቸውና የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ መሆኑን አድማጭ ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል፤ ስለ ራሱ የሚለውን በዚያው ሚዛን ይመዝንለት።

ክርክሩ እንዲህ የሚል ነበር። ሴቶቹ መዝገብ ስለሌላቸው ምስክሯ ቀን እየፈጠሩ ቢናገሩ ማን ያውቃል? የሚመሳከረው በወንዶች ነው። ስለዚህ እሱ ከልደት መዝገቡ ወንዶችን እየመረጠ ይጠይቃቸው። አንድ ጊዜ ከሳቱ ወይም መልስ ከከለከሉ ቃላቸው በሙሉ ይሰረዝ። ዳኛው ተቀበሉት። ረጅሟ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ቆመው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መጀመሪያ የችሎቱን ጸሐፊ ጠየቀ። እናታችን ትንሽ አመነቱ፤ የጸሐፊውን እናት አላስፈቀዱም። ቀኑ ግን ንጹሕ ነበር፣ ማንንም አያሳፍርም። ተናገሩ። ጠበቃው መዝገቡን ገለጠ፤ ልክ ነው። በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠየቀ። ልክ ነው። የመዝጋቢውን ታናሽ ወንድም ጠየቀ። ልክ ብቻ ሳይሆን ዝናብ እንደነበረና አባትየው በጭቃ ተንሸራትቶ እጁ እንደተሰበረ ጨመሩበት። ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ጠበቃው ጆሮው ቀላ። ነገሩ እያመለጠው ነው።

ያን ጊዜ ከሁሉ አብልጦ እርግጠኛ የሆነበትን ልደት መረጠ። የራሱን።

“የእኔስ?” አለ። “እኔ መቼ ተወለድኩ?”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህ ጠበቃ በቤተሰቡ ዘንድ በስድስት ወሩ ቆሞ የሄደ፣ በአራስነቱ ጥርስ ያወጣ ብርቅ ልጅ ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ጎረቤት ሁሉ ይህን ሲሰማ ለምን ወደ መሬት እንደሚያይ ጠይቆ አያውቅም። እውነቱ ግን እናቱ የወለዱት በተዳሩ በሦስተኛው ወር ነው፤ ከከተማ ውጪ፣ በአክስታቸው ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ። ልጁ ስድስት ወር ተደብቆ ኖረና ከሠርጉ ዘጠኝ ወር ሲሆን እንደተወለደ ሆኖ ተመዘገበ። የያዙት አዋላጅ የእናታችን እናት ነበሩ፤ ፋኖሱን የያዙት ደግሞ የሃያ ዓመቷ ልጃቸው፣ እናታችን።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። በዚያ ቀን ልጃቸው ሲከራከር ለማየት ግራጫ ቀሚስ ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ በሰው ፊት ያላቸው ሀብት ይህ ልጅና ስማቸው ብቻ ነበር። በሴቶቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም። የጠበቃ እናት ሆነው እንዴት ይሆናሉ?

እናታችን ዝም አሉ።

የጠበቃው አባት መዝገቡ ላይ የትኛውን ቀን እንዳስጻፈ አያውቁም። ውሸት ለመናገር ቢፈልጉ እንኳ የትኛውን ውሸት እንደሆነ አያውቁትም። የሚያውቁት እውነቱን ነው፤ እሱን ከተናገሩ በፊተኛው አግዳሚ የተቀመጠችው ሴት በከተማው ሁሉ ፊት እርቃኗን ቀረች። ካልተናገሩ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሴት ቀን በአንድ መስመር ይሰረዛል።

“ምስክር፣ መልስ ይስጡ” አሉ ዳኛው።

አልመለሱም። ጠበቃው ፈገግ አለ። ይህን ፈገግታ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አልረሳውም፤ ከፊቱ ላይ ሊፍቀው ብዙ ሞክሯል።

“አያስታውሱም ማለት ነው?” አለ።

“አምስት ደቂቃ እሰጣለሁ” አሉ ዳኛው ወደ ግድግዳው ሰዓት እያዩ። “ከዚያ ቃልዎን እሰርዛለሁ።”

እናታችን የሰዓቱን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ወደ ረጅሟ አዩ፤ ወደ ባለሱቋ አዩ፤ በደረጃው ላይ አንገታቸውን ወዳሰገጉት ሴቶች አዩ። ወደ ግራጫው ቀሚስ ላለማየት ይጥሩ ነበር፣ ግን አዩ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት አለፈ። ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀምራ በገዛ እጇ አፏን ያዘች። አራተኛው ደቂቃ አልቆ አምስተኛው ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሡ።

“ክቡር ዳኛ፣ አያስጨንቋት” አሉ። “እሷ ታስታውሳለች። የወለድኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልናገር። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን የውሸት ነው። በተዳርኩ በሦስተኛው ወር ነው የወለድኩት።”

“እማዬ!” አለ ጠበቃው።

“ዝም በል” አሉት። “በስድስት ወርህ የሄድከው ዓመት ሞልቶህ ስለነበር ነው።”

የሳቀ ሰው አልነበረም። ዳኛው ብልህ ሰው ነበሩ። ልብስ ሰፊዋን ወደ ኮሪደሩ አስወጥተው ወረቀትና እርሳስ ላኩላቸው፤ ለእናታችንም ሌላ ወረቀት ሰጡ። ሁለቱም ቀኑንና ሰዓቱን እንዲጽፉ አዘዙ። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በአንድ ቀንም በአንድ ሰዓትም አይለያዩም ነበር። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ መዝገቡ የሳተውን ያቃኑ ምስክር ከመዝገቡ ይልቅ ይታመናሉ ብለው ወሰኑ።

በማግሥቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት አራት መቶ አሥራ ሦስት ሴቶች ተመዘገቡ። አራት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ናቸው።

ጠበቃው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ሆነ። ክርክሩን ተሸነፈ፣ ስድስት ወር አረጀ፣ እናቱንም ለአሥራ አንድ ወር አላናገረም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ሆኗል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ወደ እናታችን ወጥ ቤት ሄዶ በሩ ላይ ቆመና የተወለደበት ቀን ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀ። ነገሩት። እናቱ በምጡ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልጮሁ፣ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የፎጣ ጫፍ ነክሰው እንደወለዱት ነገሩት። ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። የእናታችንን ሴት ልጅ ያገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለሽምግልና የሄዱት ሽማግሌዎች “ልጁ መቼ ተወለደ?” ተብለው አልተጠየቁም።

በምርጫው ቀን እናታችን ሊያመልጣቸው ነበር። ንጋት ላይ ለምጥ ተጠርተው ሄዱና ልጁ በትከሻው መጣ። ምርጫው የሚዘጋው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፣ አልመጡም። ባለቤታቸው ከምርጫ ጣቢያው በር ላይ ወደ መንገዱ እያዩ ሲመላለሱ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ነበር። ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ሲቀር እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው እንደራሰ እየሮጡ ደረሱ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች አንድ ቃል ሳይናገሩ ለሁለት ተከፈሉላቸው። በባለቤታቸው እጅ በተሠራው ሣጥን ውስጥ ወረቀታቸውን ከተቱና እዚያው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። እናትም ልጅም ደኅና እንደሆኑ ከዚያ በኋላ ነው የተናገሩት።

እናታችን እስከ ሰባ ዓመታቸው ሠርተዋል። ከሦስት ሺህ የማያንሱ ልጆችን ተቀብለዋል፤ ከፍርድ ቤቱ ማግሥት ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሴቶችንም እንዲመዘግብ ጨቅጭቀው፣ አባቶቹንም ከበር እየመለሱ “ሳታስመዘግብ ሻይ እንዳትጠጣ” እያሉ ልማድ አድርገውታል። በዚህ ሥራቸው “እትዬ መዝገብ” የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። አናጢው ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዐረፉ። ረጅሟ ለሁለት ዘመን የምክር ቤት አባል ሆነው አገልግለው ከእሳቸው ቀደም ብለው አልፈዋል።

ልባቸውን መታመም የጀመሩት ባለፈው ዓመት መጨረሻ ነው። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ሦስት ወር አልጋ ላይ ቆዩ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ማስታወሳቸው አልከዳቸውም፤ ነርሷን እንኳ “የአንቺን እናት እኔ ነኝ ያዋለድኳት” እያሉ ያስቋት ነበር። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ በልጆቻቸው መካከል ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት፣ የሁለት ልጆች ቅድመ አያት ነበሩ።

የሕይወት ታሪካቸው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን ሊሞቱ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አማቻቸውን ብቻውን አስጠርተው ያዘዙት ነገር አለ፤ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብም አስምለውታል።

ይህች ከተማ ለሠላሳ አራት ዓመት እናታችንን ምስጢር በመጠበቃቸው ስታመሰግን ኖራለች። የሴቶች ማኅበር “ዝም በማለቷ ያስከበረችን” የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰሌዳ ሸልሟቸዋል፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አያውቁም።

“ዝም አላልኩም” አሉት አልጋው ላይ ሆነው። “በአምስተኛው ደቂቃ ወስኜ ነበር። እነዚያን ሁሉ ሴቶች አየሁና እናትህን ልሸጣት ወሰንኩ። አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ተነሥታ ቀደመችኝ እንጂ ቀኑ ምላሴ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ለእኔ ብላ የተነሣች መሰለው፤ እኔም ዝም ብዬ ተመሰገንኩ። ያልሠራሁትን በቀብሬ ላይ እንዳታነብብኝ።”

አማቻቸው እናቱ ከመሞታቸው በፊት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ የነገሩትን ነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ቀን ዓይናቸውን ከአዋላጇ ፊት አላነሡም ነበር። “አፏ ሲከፈት አየሁ” ነበር ያሉት። “ልትናገር እንደሆነ ገባኝ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እናገር ነበር። በሰው አፍ ከምዋረድ በራሴ አፍ ልውጣ ብዬ ተነሣሁ።”

ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን በኋላ ለሃያ ስምንት ዓመት ወዳጆች ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ እናታችን ሥራ እስኪያቆሙ ድረስ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ነጭ ሽርጥ በእጃቸው እየሰፉ ያመጡላቸው ነበር። ስለዚያ አምስተኛ ደቂቃ አንድ ቀን እንኳ አላወሩም።

እናታችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው ሲዞሩ ጉንጫቸው ርሶ ነበር፣ ግን ፊታቸው ለዓመታት ያላየነው ዓይነት ፊት ሆኗል።

“አውቃ ነው?” አሉ። “አውቃ ነው እንዴ ያን ሁሉ ሽርጥ የሰፋችልኝ?”

ፈጣሪ ሁለቱን በአንድ በር ያስገባቸው። የደከሙ እጆቻቸውን ያሳርፍ፤ ለእኛም፣ በእነሱ ለተወለድንና በእነሱ ይቅር ለተባልን ሁሉ፣ መጽናናቱን ይስጠን።